ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። አባቴም ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቃችን ከጣሳ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ተራ ለሚጠብቅ ሰው አንድ አግዳሚ። ከመስታወቱ በላይ ዋጋ የተጻፈበት ሳንቃ ተሰቅሏል። አባቴ መጀመሪያ የጻፈበት ሃያ አምስት ሳንቲም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋ በጨመርን ቁጥር በላዩ ላይ እየቀባን ስንጽፍ ቀለሙ ከሳንቃው ሊወፍር ምንም አልቀረው። አሁን መቶ ሃያ ይላል፤ እሱንም በጠመኔ ነው የጻፍኩት፣ ቀለም ማባከኑ ሰልችቶኛል።

የሰው ደሞዝ ሲነገረኝ በፀጉር ነው የማስበው። በአባቴ ጊዜ የፋብሪካው ሠራተኛ በወር ሃያ ስምንት ብር ያገኝ ነበር፤ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ይስተካከልበታል። ዛሬ ሸሚዝ ፋብሪካ የምትሰፋ ሴት ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ይከፈላታል፤ የሃያ ሦስት ልጅ ፀጉር አስቆርጣ ኪሷ ይራገፋል። ደሞዝ መቶ እጥፍ አደገ እያሉ በሬዲዮ የሚያወሩት ሰዎች አንድ ቀን እዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጡልኝ፣ መቀሱን እንደያዝኩ ቀስ ብዬ አስረዳቸው ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ስለ ባለጣቱ ላወራ ብዬ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ይኑር አይኑር እንጃ። ባለጣቱ የተባለው ጣት ስላለው ሳይሆን ስለሌለው ነው። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ አንቱ እያልኩ ማውራት ነበረብኝ። እሱ ግን ገና ድሮ፣ ፀጉሩ ሳይሸብት ጀምሮ፣ አንቱታ ያናድደዋል። «አንቱ ከምትሉኝ ስሙኒ ብትጨምሩልኝ ይሻለኛል» ይላል። ስሙኒ የጨመረለት ስለሌለ እኔም አንተ እንዳልኩት እቀጥላለሁ።

አባቱ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፣ የቀን ሠራተኛ። በበጋ በቀን ሃምሳ ሳንቲም ያገኛል። ዝናብ ሲገባ አሠሪው ሥራ ቀዘቀዘ ብሎ ሠላሳ ያደርግበታል። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሃምሳ ይመልሰዋል ተብሎ ሲጠበቅ አርባ ላይ ያቆመዋል፤ ለሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ከአርባው ላይ ይሸርፋል። ባለጣቱ ያደገው አባቱ ሲመሽ አቧራውን ሳያራግፍ ገብቶ ለእናቱ «ዛሬም ለወጡት» ሲል እየሰማ ነው። በዚያ ቤት ክፍያ ተለወጠ ማለት ቀነሰ ማለት ነበር። ወደ ላይም ሊለወጥ ይችላል ብሎ የነገራቸው ሰው የለም፤ ቢነግራቸውም ያበደ ነበር የሚመስላቸው።

ባለጣቱ ጎረምሳ ሲሆን ጣሳ ፋብሪካው ቀጠረው። የሰጡት ማሽን ክዳን መምቻው ነው። በግራ እጅ ቆርቆሮውን ታስገባለህ፣ በቀኝ እግር ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ከላይ ያለው ብረት ወርዶ ይመታና ክዳን ሆኖ ይወጣል። ቆርቆሮውን በጉጠት ይዞ ማስገባት ነው ደንቡ። ግን በጉጠት የሚሠራ ሰው የሚያወጣው ክዳን በጣት ከሚሠራው ግማሽ ነው፤ ፎርማኑም የሚቆጥረው ክዳን እንጂ ጣት አይደለም። ስለዚህ ጉጠቶቹ ሁሉ ዘይት ተቀብተው ግድግዳ ላይ በሥርዓት ተሰቅለው ይኖሩ ነበር። ለጎብኚ ማሳያ ናቸው።

አንድ ቀን እግሩ ከእጁ ቀደመ። አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ እዚያው ከክዳኑ ጋር ቀሩ። የቀለበት ጣቱ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥላ ወጣች። ትንሿ ምንም አልሆነችም። የፋብሪካው ክሊኒክ ውስጥ የነበረው ድሬሰር ደሙን አቁሞ፣ የተንጠለጠለችውን ጣት መልሶ ሰፋት። ጣቷ ዳነች፣ ግን ሁለተኛ አልታጠፈችም። እስከ ዛሬ እንደ ምስማር ቀጥ ብላ ነው ያለችው። ባለጣቱ ግን ድሬሰሩን እስኪሞት ድረስ በየመንገዱ እየጠራ ያመሰግነው ነበር፤ ሲቀበርም ከቤተሰቡ ቀጥሎ ቆሞ ያለቀሰው እሱ ነው።

ቁስሉ ሲደርቅ ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ ሁለት ነገር አቀረበለት። ከፈለገ የበር ጥበቃ ሆኖ በሃያ ስምንት ብር ደሞዙ ይቀጥል። ካልፈለገ ቤቱ ተቀምጦ ለአንድ ጣት በወር አሥራ ሁለት ብር ከሃምሳ ይታሰብለት፤ ሦስት ጣት፣ ሠላሳ ሰባት ብር ከሃምሳ። ለተሰፋችው ጣት አይከፈልም፤ አለች ተብላለች። ባለጣቱ ሊያስብበት አንድ ቀን ጠየቀና ቀጥ ብሎ የመጣው ወደ አባቴ ሱቅ ነው። ያኔ እኔ አግዳሚው ላይ እግሬ መሬት የማይደርስ ልጅ ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ድምፅ ነበር፤ ቆሞ ሃያ ስምንት ከሚያገኝና ተኝቶ ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ ከሚያገኝ ማን ይበልጣል? አባቴም ተቀበል ብሎ መከረው፤ ፀጉሩንም በነጻ አስተካከለው።

ባለጣቱ እንዳይሸውዱት ግን ፈርቷል። የአባቱ ክረምት ከልቡ አልወጣም። ተመልሶ ሄዶ «ይህ ክፍያ እስከ ሕይወቴ ፍጻሜ አይለወጥም» ተብሎ በውሉ ላይ ካልተጻፈ አልፈርምም አለ። ጸሐፊው እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፎ አያውቅም፤ አለቃው ጋ ወሰደው፤ አለቃው ወደ ሌላ አለቃ ላከው። ባለጣቱ እጁን በሻሽ ጠቅልሎ በየቀኑ ኮሪደሩ ላይ ሲገተር ሰነበተ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ «ጻፉለት፣ አይለወጥም በሉለት» አለ። ለምን እንደሳቀ ያኔ ማንም አልገባውም። ባለጣቱ ከዚያ ሕንፃ ሲወጣ ጦርነት ያሸነፈ ሰው ይመስል ነበር። እናም እውነቱን ልናገር፣ ቃላቸውን ጠብቀዋል። አንድም ወር፣ አንዲትም ሳንቲም አልለወጡበትም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የንጉሥ ዓመታት ነበሩ። ጣት ያላቸው ጓደኞቹ ላባቸውን እያንጠፈጠፉ ሃያ ስምንት ሲያገኙ እሱ ሦስት ሰዓት ላይ ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ የአባቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲነበብ ይሰማ ነበር። እጮኛውን አገባ። በዚያች በተሰፋች ጣት ላይ የወርቅ ቀለበት አጠለቀ፤ ጣቷ ስለማትታጠፍ ቀለበቱ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ሬዲዮ ገዛ። ብስክሌት ገዛ፣ በአንድ እጁ መንዳት ስላቃተው ሸጠው፣ መሸጡም አላስጨነቀውም። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ሲመርቁ እንደ ባለጣቱ ያለ ይስጥሽ ይሉ ጀመር። አሥር ጣት ያለው ወንድ በሰፈሩ ረከሰ።

የሚከፈለው በየወሩ በፋብሪካው የክፍያ መስኮት ነው። የሟች ባሏን ገንዘብ ስትቀበል የኖረች አንዲት ሴት ከተደረሰባት ወዲህ ባለቤቱ ራሱ መቅረብ አለበት የሚል ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ ባለጣቱ ግራ እጁን መስኮቱ ሥር ባለው እምነበረድ ላይ ያኖራል፤ ከፋዩ አጎንብሶ ያያል፤ «ታይቷል» ይላል፤ ብሩን ይቆጥራል። ያልታየ እጅ አይከፈለውም። ጣቶቹ መልሰው እንዳይበቅሉ ይሆናል የፈሩት። ባለጣቱ ግን ይህን ነገር ይወደው ነበር። ለወሩ ክፍያ እጁን በሳሙና አጥቦ፣ ቀለበቱን ወልውሎ ነው የሚሄደው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያየው ሰው የለም።

ታናሽ ወንድም ነበረው፣ እዚያው ፋብሪካ፣ እዚያው ማሽን ላይ። ይህ ልጅ የወንድሙን ሬዲዮ እያዳመጠ ብዙ አሰበ። ሁለት ጣት ቢሰጥ ሃያ አምስት ብር ነው፤ ሦስት ቢሰጥ ከወንድሙ ጋር እኩል ይሆናል። አንድ ጠዋት ጠበል እንደሚገባ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ከተተ። ማሽኑ ግን እንደ ታዘዘው ጣት ቆጥሮ አይወስድም፤ እስከ አንጓው ድረስ በላለት። ያን ጊዜ ደግሞ የወር ክፍያው ለአዲስ ተጎጂ ቀርቶ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ካሣ ሆኗል። ፎርማኑ ዓይኑን ጨፍኖ እንደነበር መሰከረበት። ሆነ ብሎ ነው ተባለና ካሣውም ቀረ፣ ሥራውም ቀረ፤ ማሽኑ በእሱ ምክንያት የቆመበት ጊዜ ታስቦ ከመጨረሻ ደሞዙ ላይ ተቆረጠ። ባለጣቱ ቤት መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አንተ ነህ ያስጎመጀኸኝ» ብሎት ሄደ፤ ተመልሶ አልመጣም። ባለጣቱ ስለዚህ ወንድሙ ሲወራ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገው ነበር።

ገንዘቡ የሞተው በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ቀን ቢሞት እንቀብረው ነበር። የጠባቂዎቹ ደሞዝ ሠላሳ አምስት ገባ፣ ባለጣቱ ሳቀ። አርባ ሁለት ገባ፣ ዝም አለ። ሰባ ሲገባ ሄዶ ጠየቀ፤ ውሉን አውጥተው አነበቡለት። አይለወጥም ይላል። «ያልኩት እኮ እንዳይቀነስ ነው» አለ። የተጻፈው እንደዚያ አይደለም አሉት፤ ደግሞ የፈለግከው አንተ ነህ አሉት። እውነታቸውን ነው። ወጥቶ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ አባቴ ዓይኑን ማየት ፈርቶ ምላጭ መሳል ጀመረ። በነጻ የሰጠው ምክር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳንቃዬ ላይ ማንበብ ይቻላል። ፀጉር ሁለት ብር ሲሆን ባለጣቱ ቀን ቀን የጭነት ዕቃ መቁጠር ጀመረ፤ ፀጉር አሥር ሲሆን ሬዲዮው ተሸጠ፤ ሠላሳ ሲሆን ሚስቱ ታመመች፣ ቀለበቱም ለመድኃኒት ሄደ። መድኃኒቱ አላዳናትም። ዛሬ የሦስት ጣቱ የወር ክፍያ ሦስት ዳቦ ገዝቶ አንድ ብር ከሃምሳ ያተርፋል። እኔ ሱቅ ቢመጣበት ከአንድ ጆሮው በላይ ያለውን ብቻ አስተካክዬ በቃህ ልለው ነው። ይህን ቀልድ ራሱ ነው የሚያወራው፤ እኔ ደፍሬ አላመጣሁትም።

ታዲያ ለምን ይቀበላል? ለምን ይህን ሳንቲም አፍንጫችሁን ላሱ ብሎ አይተወውም? የሚኖርበት ክፍል ነው ምክንያቱ። የፋብሪካው ቤቶች ረድፍ ረድፍ ሆነው ከግቢው በስተጀርባ ተሠርተዋል፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ የጋራ ቧንቧ። ኪራያቸው ለይስሙላ ነው። እዚያ መኖር የሚችለው በደሞዝ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ያለ ሰው ብቻ ነው። ጡረታ የወጣው ወጣ፣ የተባረረው ወጣ። ባለጣቱን ግን ማንም ሊያስወጣው አልቻለም፤ ሠላሳ ሰባት ከሃምሳው ስሙን ዝርዝሩ ላይ ይዞለት ነበር። ሁለት ወር በተከታታይ ካልተከፈለው ግን ስሙ ይወጣል፣ ክፍሉም ለተረኛ ይሰጣል።

ከእሱ ጋር ሴት ልጁ አለች፣ ያቺ ሸሚዝ የምትሰፋው። ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀርቷል። አንዲት ልጅ አላት፣ ዘንድሮ የመጨረሻ ክፍል ተፈታኝ። ከፋብሪካው ግቢ ውጪ እንዲህ ያለ አንድ ክፍል በወር አራት ሺህ ነው። ደሞዟ አባቷ በጉልበቱ ጊዜ ያገኝ ከነበረው መቶ እጥፍ ይበልጣል፤ ጣራ የሚያስገኝላት ግን የአባቷ ጣት ነው።

የክፍያ መስኮቱ ደግሞ ከተማው ማዶ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ሌላው ሠራተኛ በባንክ ይገባለታል፤ የባለጣቱ እጅ ግን መታየት አለበት። ሁለት አውቶቡስ ሄዶ ሁለት አውቶቡስ ይመለሳል፤ ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ ለማምጣት አርባ ብር ይከፍላል። ለራሱ ጣት ቀረጥ የሚከፍል ሰው ካለ እሱ ነው። እንደዚያም ሆኖ በየወሩ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይሄዳል። ሲመለስ የልጅ ልጁ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ግራ እጁን ይዛ ደረጃውን ታወጣዋለች። ያችን ቀጥ ያለች ጣት ነው የምትይዘው፤ ለመያዝ ትመቻለች።

ባለፈው በቧንቧው ዙሪያ ያለው ሲሚንቶ ላይ ተንሸራቶ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሙ አይነሳ አለ። የዚያን ወር ክፍያ ቀረ። ስለዚህ የሚቀጥለው ወር ላይ የግድ መታየት አለበት፤ አለበለዚያ ሁለት ሊሞላ ነው። ሴት ልጁ ቢሮው ድረስ ሄዳ ተሰብሮ ተኝቷል ብትል፣ በስልክ ፎቶ አንስታ እጁን ብታሳይ፣ የሚሰማት አጣች። ፎቶ የማንም እጅ ሊሆን ይችላል አሏት።

ሰውየው በዚያ ወር ውስጥ ከሰውነት ወጣ። ምግብ እምቢ አለ፣ ማታ ማታ ያቃዠዋል። ሰው የታመመ አባቱን ሲያስታምም ያዝናል፤ ልጁ ግን የማዘኛ ጊዜ አልነበራትም። ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ትንፋሹን ነው። ጎረቤቶች ተሰብስበን በተቀመጥንበት፣ እሱ እየሰማ፣ ሾርባውን በማንኪያ እየሰጠችው እንዲህ አለችው።

«አባዬ፣ እስከ ልጅቷ ፈተና ድረስ አትሙትብኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈቀድክ።»

እሱ ራሱን ነቀነቀና አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰጡትን ሁሉ ይበላ ነበር።

የክፍያው ዕለት ጠዋት መሣሪያዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አልጋው ላይ አስደግፈን ጢሙን ላጨሁት፣ ፀጉሩን አስተካከልኩት። በሕይወት ያለ ሰው መምሰል ነበረበት። ልጁ እጁን በሳሙና አጠበችለት። ኮንትራት ታክሲ አራት መቶ ሃምሳ መሄጃ፣ አራት መቶ ሃምሳ መመለሻ ጠየቀን፤ መሄጃውን እሷ ከፈለች፣ መመለሻውን እኔ እችላለሁ አልኳት። ከኋላ ወንበር ላይ አጋድመነው እየተንገጫገጭን ሄድን። ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል እንጂ ድምፅ አያወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞሮ፣ አባትህ ያኔ በነጻ ነበር ያስተካከለኝ አለኝ። ለምን እንዳነሳው አልጠየቅኩትም።

ዋናው መሥሪያ ቤት ባለ መስታወት ሕንፃ ነው። የጥበቃ ወንበር ለምነን፣ ከነወንበሩ ተሸክመን መስኮቱ ድረስ አደረስነው። ከፋይዋ ወጣት ናት፣ ፊቷ የሚያስጠላ አይደለም፣ አነጋገሯም ደህና። ባለጣቱ ግራ እጁን አንስቶ እምነበረዱ ላይ አኖረ። አጎንብሳ አየችና ታይቷል አለች። ልጁ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም በልቤ ተገላገልን አልኩ። ከፋይዋ ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አድርጋ ቆየች፤ ደግማ ነካካች።

«አባባ፣ ስምዎ አለ። ክፍያው ግን አይወጣም» አለች።

ምን ማለት ነው ብለን ተንጫጫን። ረጋ ብላ አስረዳችን። ከዚህ ወር ጀምሮ አዲስ ሲስተም ገብቷል፤ ሲስተሙ ከሃምሳ ብር በታች የሆነ ክፍያ አይቀበልም። ለአንድ ሰው ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ ከሃምሳ ብር በታች የሚከፈለው ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ያለፈው ወር ሲደመርበት ሰባ አምስት አይሆንም ወይ አልኳት። ያለፈው ወር እጁ ስላልታየ ክፍያው ቀርቷል፣ የሚደመር የለም አለች። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣና ከኪሴ ገንዘብ አውጥቼ፣ የጎደለውን አሥራ ሁለት ከሃምሳ እኔ ልጨምርበትና ሃምሳ ይሁን አልኳት። አልሳቀችብኝም። የእርስዎ ገንዘብ የሳቸው ክፍያ አይሆንም አለችኝ፤ ይህን ስትል እንኳ አዝና ነበር።

ባለጣቱ እጁን ከእምነበረዱ ላይ አላነሳም።

«ውሉ አይለወጥም ይላል» አለ።

«አልተለወጠም እኮ አባባ» አለችው። «ሠላሳ ሰባት ከሃምሳ እንደሆነ ነው። አይወጣም እንጂ።»

ልጁ ስለ ክፍሉ ጠየቀች። ሁለት ወር ክፍያ ያልወጣለትን ስም ሲስተሙ ራሱ ከዝርዝሩ ያወጣዋል፣ እኛ እንኳ አንነካውም አለች ከፋይዋ። ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ክፍል ደብዳቤ ይልካል፤ ብዙ አይቆይም። ፈተናው ሊደርስ ነው፣ ትንሽ ይታገሱን ብላ ልጁ ለመነች። ከፋይዋ አንድ ነገር ላድርግላቸው ብላ ይመስለኛል፣ የድሮውን ውል አስመጥታ አነበበችው፤ አንብባም በራሷ ጣት እየቆጠረች አሰበችው።

«ለአንድ ጣት አሥራ ሁለት ከሃምሳ ነው የሚለው» አለች። «አራት ቢሆን ኖሮ ልክ ሃምሳ ይመጣ ነበር። የአንድ ጣት ጉዳይ ነው፤ እንዴት ያሳዝናል።»

ክፋት አልነበረባትም። ክፋት ቢኖርባት እሰድባት ነበር፣ ይቀለኝ ነበር። ሁላችንም እምነበረዱ ላይ ያለውን እጅ አየን። ትንሿ ጣት ለጥ ብላ ተኝታለች። የተሰፋችው ግን፣ ያቺ የማትታጠፈው፣ ቀጥ ብላ ከድንጋዩ ከፍ ብላ ነበር። ባለጣቱም አያት። ከኋላችን ተራ የያዙ ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ነው ወንበሩን ያነሳነው።

ታክሲው ውስጥ ልጁ ከእሱ ጋር ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ከፊት። አላለቀሰችም። መስኮት መስኮቱን እያየች ብዙ መንገድ ሄደች። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከሩቅ መታየት ሲጀምር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ውሃ የጠየቀች ያህል በቀስታ፣ ጠየቀችው።

«ያኔ ቢቆርጧት ምን ነበረበት አባዬ?»

በመስታወቱ ውስጥ አየሁት።

«ድሬሰሩ ጠይቆኝ ነበር» አለ። «አትሠራልህም፣ ልቁረጣት ወይስ ልስፋት ብሎኝ ነበር። ለእናትሽ ቀለበት ብዬ ነው የተውኳት።»

ሹፌሩ የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ አደረገና ምን ሊል እንደነበር ረስቶት መልሶ ከፍ አደረገው። እኔ ተዋት፣ ደክሟት ነው ልለው ነበር፤ ግን ደክሟት ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰው ስለ ፍቅር ያደረገውን ብቸኛ ነገር፣ ከዚያ ፍቅር የተወለደችው ልጅ ለምን አደረግከው ስትለው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሰፈር ደርሰን የመመለሻውን አራት መቶ ሃምሳ ከፈልኩ። በሩን ከፍተን ልናወርደው ስንል በቀኝ እጁ ብቻ አንገቴን ያዘ። ግራ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። በሁለት እጅህ ያዘኝ፣ ትወድቃለህ አልኩት፤ አልሰማኝም። የልጅ ልጁ ደብተሯን በሩ ላይ አስቀምጣ እንደ ሁልጊዜው ግራ እጁን ልትይዝ ወደ እሱ ሮጠች። ኪሱን አገኘች። እጁን ለማውጣት ጎተት ስታደርግ ወደ ታች ገፍቶ ይበልጥ ደበቀው፤ ልጅቷም ምን አጠፋሁ ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ ዞር ብላ የክፍሉን ቁልፍ ከቦርሳዋ ትፈልግ ነበር።